ለጠረፍ ጥናት የድጋፍ ደብዳቤ ስታወጡ የሰው ስም አትስጡ

ስለ አፍሪካ ቀንድ የፖሊሲ ጥናት ለመሥራት የምትነሡ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ፤ እኔን ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ያጠናሁት ከሶማሌ ክልል በጠረፍ ከተማዋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሶማሊላንዱ በርበራ ወደብ የሚነዳውን የቁም እንስሳት ንግድ ነው። ፍራጃይል ስቴትስ ኢንዴክስ የሚባለው፣ የአገሮችን መንግሥት ድክመት የሚለካ ዓመታዊ መለኪያ ለየአገሩ በ12 መስፈርት ከ120 ነጥብ ይሰጣል፤ ሶማሊያም በየዓመቱ ከባሰባቸው ተርታ ትመደባለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሶማሊያ ተነጥላ ነፃነቷን ያወጀችው ሶማሊላንድ በዚያው ቁጥር ውስጥ ተጠቅልላ ትቀራለች። በ1993 ሽማግሌዎች ቦረማ ከተማ ላይ ለወራት ተቀምጠው መንግሥት ያቆሙበት ምድር ከሞቃዲሾ ጋር አንድ ዓይነት ነጥብ ሲሰጠው ዝም ማለት አልቻልኩም። በመተማመንና በጎሳ ዋስትና ከብት በዱቤ የሚሻገርበትን ገበያ ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ፕሮፖዛሉ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ፣ ሶማልኛ አስተርጓሚ ማግኘቱ፣ ሁሉም ያለችግር አለቀ። ያንገበገበኝ ጠረፍ ሄጄ እንዳጠና የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጽፍልኝ የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ለባለሙያ ተመርቶ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ሲባል ከርሞ በመጨረሻ ተጠራሁ። ባለሙያው «የሚያነጋግሯቸውን ነጋዴዎችና ሽማግሌዎች ስም ከነስልካቸው ዘርዝረው ያምጡ» አለኝ። ኮሚቴው የፈቀደልኝ ማንነታቸውን እንደማልገልጽ በጽሑፍ ቃል ገብቼ መሆኑን አስረዳሁት። «እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ አሠራራችን ይኼ ነው» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። አሠራሩ የትኛው መመሪያ ላይ እንደተጻፈ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁ። አላሳየኝም።

እስቲ አስቡት፤ መንግሥት ኮንትሮባንድ በሚለው ንግድ የሚኖር ሰው መንገዱን አምኖ ሊነግረኝ ነው። ስሙና ስልኩ ግን ቀድሞ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ነገ ጉምሩክ ቢይዘው አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እምቢ አልኩ። ተመላልሼ እምቢ አልኩ።

ይህ ሲጓተት ወቅቱ አለፈ። የበግና የፍየሉ ንግድ የሚደምቀው ከሐጅና ከአረፋ በፊት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ በብዛት በምትገዛበት ጊዜ ነው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሚባለው የእንስሳት በሽታ ሰበብ እ.ኤ.አ. በ2000 የጣለችውን እገዳ በ2009 ካነሣች ወዲህ ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን ወቅት ነው። ደብዳቤው እጄ ሲገባ አረፋ አልፎ ገበያው ጭር ብሏል። የዋጋ ንጽጽሬን ከነጭራሹ አጣሁት፤ እስከ ዛሬ ያበግነኛል።

ደብዳቤውን ያስገኘልኝ ዝርዝሩን በሙያና በቦታ ማዘጋጀቴ ነው፤ «ከብት ነጋዴዎች፣ ደላሎች፣ የጎሳ ሽማግሌዎች፤ ቶጎ ውጫሌ» ብዬ አስገባሁ። ሌላ ኃላፊ ፈረመበት፣ ማኅተም ተመታ። አንድም ስም ከእኔ አልወጣም። በዚህ እኮራለሁ።

ከላይ ጀምራችሁ በየደረጃው ውረዱ ይሏችኋል። እኔ መጀመሪያ ወረዳው ጋ ሄዳችሁ የማንን ደብዳቤ እንደሚቀበሉ ጠይቁ እላለሁ፤ ግልባጩ ለማን ይሁን የሚለውን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የአረፋን ገበያ ማየት ከፈለጋችሁ ማመልከቻችሁን ከረመዳን ብዙ ቀደም ብላችሁ አስገቡ። ስም አምጡ ከተባላችሁም ጥያቄው በጽሑፍ፣ በማኅተም ይሰጠን በሉ። እኔ ይህ ጥያቄ እንዲቀር ለዚያው መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ መልስ ገና አልመጣም።