ከቀረጻው የጎደለው ሌሊት

የደህንነት ካሜራ በመትከል ሥራ ጥቂት ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ለአንዲት አዛውንት እናት ቤት አራት ካሜራዎች ገጠምኩ። ካሜራዎቹን በጥንቃቄ መርጬ፣ ገመዱንም ዝናብ በማያገኘው መንገድ አሳልፌ ሳበቃ፣ መቅረጫው ውስጥ ስለሚገባው ሃርድ ዲስክ ግን ብዙም አላሰብኩም። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የተሠራ፣ 2 ቴራባይት የሚይዝ አዲስ ዲስክ በእጄ ስለነበረ እሱኑ አስገባሁት። መቅረጫው ተቀብሎ ፎርማት አደረገው፤ መቅረጽም ጀመረ።

ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ተደወለልኝ። በሌሊት ሰው አጥር ዘሎ ገብቶ ብስክሌት ወስዶ ነበር። ስደርስ እናቲቱ መቅረጫው ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ መብራቱ ሲበራ በየቀኑ አያለሁ፤ ታዲያ ሌሊቱ የት ገባ?» አሉኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 እስከ 9 ሰዓት ከ50 ድረስ አራቱም ካሜራዎች ባዶ ነበሩ። ዲስኩን አውጥቼ የገዛ ጤንነቱን የሚመዘግብበትን የስማርት መዝገብ ሳነብ፣ ሊነበቡ ያልቻሉ በርካታ ሴክተሮች (መረጃ የሚሰፍርባቸው የዲስኩ ጥቃቅን ክፍሎች) ተመዝግበዋል። የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞችንም ሞከርኩ፤ ነገር ግን እነዚህ የሚመልሱት ቀድሞ የተጻፈን ነገር ነው፤ ያ ሰዓት መጀመሪያውኑ ዲስኩ ላይ አልሰፈረም።

ቀድሜ ልሠራው ይገባኝ የነበረውን ስሌት ያን ዕለት ማታ ሠራሁት። እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ሲልክ በቀን 43.2 ጊጋባይት ይሞላል፤ አራቱ ሲደመሩ 172.8 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ የወር ቀረጻ ይኖራል ብዬ የነገርኳቸው ዲስክ ዐሥራ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ይዞ የቆየውን እየደመሰሰ በላዩ ይጽፍ ነበር። ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የዓመቱ ድምር ነው፤ 63 ቴራባይት ገደማ። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሠሩ ብዙ ዲስኮች የሚታቀድላቸው ጭነት በዓመት 55 ቴራባይት ያህል ሲሆን፣ ያውም በቀን ጥቂት ሰዓት ይሠራሉ ተብሎ ነው። እንደ ደብሊውዲ ፐርፕል እና ሲጌት ስካይሆክ ያሉት የካሜራ ዲስኮች ግን ሌት ተቀን እንዲሠሩና በዓመት እስከ 180 ቴራባይት እንዲሸከሙ የተዘጋጁ ናቸው።

ልዩነቱ በጥንካሬ ብቻ አያበቃም። የኮምፒውተር ዲስክ የተበላሸ ሴክተር ሲገጥመው፣ አንዲት ፊደል የጎደለችው ሰነድ ዋጋ ስለሌለው፣ ደጋግሞ ለማንበብና ለመጻፍ ይታገላል፤ ካሜራዎቹ ግን አይጠብቁትም፣ የመቅረጫው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላና የሚመጣው ምስል ይጣላል። የካሜራ ዲስክ በአንጻሩ ጥቂት ፍሬሞችን (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች) ትቶ ወደ ፊት እንዲቀጥል ተደርጎ ተሠርቷል። ሌላም ነገር ነበረ። ያስገባሁት ዲስክ መረጃውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ በጫፍ አደራርቦ የሚጽፍ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለው ዲስክ ሞልቶ አሮጌውን መተካት ሲጀምር አጎራባቹን መስመር ጭምር እንደገና ለመጻፍ ስለሚገደድ ይዘገያል። አራት ካሜራ ያለ ዕረፍት በሚልክበት ቦታ ይህን ዓይነት ዲስክ ፈጽሞ አልመክርም።

ለእናቲቱ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ፣ መቅረጫው የሚቀበለውን ከፍተኛ መጠን ካረጋገጥኩ በኋላ በራሴ ወጪ 6 ቴራባይት የሚይዝ የካሜራ ዲስክ ተካሁላቸው። በዚያው ስሌት 34 ቀን ይይዛል። የዲስክ ስህተት ሲፈጠር መቅረጫው ድምፅ እንዲያሰማም አስተካከልኩት፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያው በርቶ ቢሆን ኖሮ ሴክተሮቹ መበላሸት የጀመሩበትን ቀን ባወቅነው ነበር።

ከሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ሻይ ከማቅረባቸው በፊት ያለፈውን ሌሊት እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ። ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለውን ቀረጻ አንድም ክፍተት ሳይኖርበት አብረን አየነው።