አንድ ጎማ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው

«አንዱ ጎማ ከተበላሸ አራቱንም ቀይር» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ምክሩ ስህተት የለውም። ግን የአንዱን ዋጋ ጠይቆ ለደነገጠ ሰው አራት ግዛ ማለት ምንም እንዳልነገሩት ነው። እኔ ሹፌር ነኝ። የመስክ መኪና ይዤ አገሩን ስዞር ነው የኖርኩት። ዘመድ ወዳጅ የጎማ ነገር ሲገጥመው ለእኔ ይደውላል። አብዛኛው የሚጠይቀኝም «አንዱን ብቻ ብቀይር ምን ይሆናል?» ብሎ ነው። መልሴ ያው ነው። አንድ መግዛት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ከአጠገቡ የሚሽከረከረውን እይ።

የፊት ሁለቱ ጥንድ ናቸው። የኋላ ሁለቱም እንደዚሁ። ፍሬን ስትረግጥ ግራና ቀኙ እኩል መያዝ አለባቸው። አንዱ ሙሉ ጥርስ ይዞ ሌላው ሙልጭ ካለ፣ ወይም አንዱ ለስላሳ ሌላው የደረቀ ከሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። በደረቅ አስፋልት መሪውን ጠበቅ አድርገህ ታልፈዋለህ። ሐምሌ ላይ፣ ውኃ በተኛበት መንገድ ግን የሚያልፍ ነገር አይደለም።

የታናሽ እህቴን መኪና ልንገራችሁ። ቪትዝ ነው የምትነዳው። የፊት ግራ ጎማዋን የድንጋይ ጠርዝ ጎኑ ላይ ቀደደባት። ጎኑ ላይ የተቀደደ ጎማ አይለጠፍም፤ አይሞከርም። የሄደችበት ጎሚስታ «እናትዬ፣ ምንም ያልተነካ ጎማ አለኝ፣ በግማሽ ዋጋ» አላትና ገጠመላት። ማታ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ይሄድብኛል።»

ሄጄ የስልኬን መብራት አብርቼ ቁጢጥ አልኩ። ጎማው በቅባት ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ልኩ ትክክል ነው፣ 165/70R14። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ተስሏል። ይህ ምልክት ያለበት ጎማ የተሠራው ለአውሮፓና ለመሰል አገሮች የበረዶ ክረምት ነው። ጎማው ከ7 ዲግሪ በታች በሚሆን ብርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስልሶ የተቀመመ ነው። እኛ አገር የቀን ሙቀት ላይ ቶሎ ይበላል፣ በደረቅ አስፋልት ላይም ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይቆማል። መሬቱን እንደ ቀኙ ጎማ አይዘውም። ቀኙ ያዘ፣ ግራው ተንሸራተተ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ዞረ። እህቴ የነገረችኝ ይህንኑ ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፦ 0813። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። የ2013 ስምንተኛ ሳምንት ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ነው የሚቆጠረው። በእኛ የካቲት 2005 ዓ.ም መሆኑ ነው። ጥርሱን በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው በመሃሉ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ተከፈቱ። ጥርሱ ሙሉ የሆነው ስላልተነዳ ነው እንጂ አዲስ ስለሆነ አይደለም። ይህን ቁጥር ማንበብ የደቂቃ ሥራ ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

አሁን የጥርሱን ነገር በቁጥር እንየው፤ ብዙ ሰው ቀላል ስለሚመስለው። አዲስ ጎማ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ ይዞ ይመጣል። የዚህ ልክ ጎማ ዙሪያው 1.84 ሜትር ገደማ ነው። ጥርሱ በ5 ሚሊ ሜትር ሲበላ ዙሪያው ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ያጥራል። ስለዚህ ያረጀው ጎማ አዲሱን እኩል ለመጓዝ በየኪሎ ሜትሩ ዘጠኝ ዙር ያህል መጨመር አለበት። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እየነዳህ፣ እዚያ እስክትደርስ አንዱ ጎማ ከጥንዱ ከ700 በላይ ዙር ይበልጣል። ሞተሩ የሚገፋቸው ጎማዎች ላይ ይህን ልዩነት የሚያስታርቀው ዲፈረንሻሉ ነው፤ ግራና ቀኙ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ማርሽ ማለት ነው። እሱ የተሠራው ኩርባ ላይ እንዲያግዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ማሠራት ደግ አይደለም።

ታዲያ እህቴ ምን አደረገች? ሁለት ለመግዛት አቅሙ አልነበራትም። የኋላ ሻንጣውን ከፍቼ ተቀያሪውን አወጣሁት። ሙሉ ልክ ጎማ ነው፣ ያ ቀጭኑ ጊዜያዊ አይደለም። መሬት የነካ አይመስልም፤ የተሠራበት ቁጥርም የቅርብ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ነው መፍትሔው። የእሱን ስም፣ ልክና የጥርስ አቆራረጥ ጽፈን መርካቶ ወርደን መንትያውን ፈለግን። አንድ ጎማ ገዛች፣ ጥንድ አገኘች። ከቀሩት ሦስት አሮጌዎች የተሻሉት ሁለቱ አብረው ሆኑ። ሦስተኛው ተቀያሪ ሆኖ ሻንጣ ገባ። የተቀያሪያችሁን ነገር ሳታዩ ጎማ ቤት አትሂዱ።

ሲገጠም ከሌላ ጎሚስታ ጋር ትንሽ ተከራከርን። «ጋሼ፣ ሞተሩ የሚገፋው ፊቱን ነው፣ አዲሶቹ ፊት ይግቡ» አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም፤ ብዙ ሹፌርም እንደዚያ ነው የሚያስበው። እኔ ግን ኋላ አስደረግኳቸው። ዝናብ ላይ የፊት ጎማ ሲንሳፈፍ መሪው ይቀልሃል፣ ቶሎ ታውቀዋለህ። ቀስ ብለህ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ይመለሳል። የኋላው ሲንሳፈፍ ግን መሪው ምንም አይነግርህም። የምታውቀው ቂጡ ከዞረ በኋላ ነው፤ ያን ለመመለስ ደግሞ የተለማመደ እጅ ይፈልጋል። እንደ ሚሽሊን ያሉ ትልልቅ አምራቾችም የተሻለው ጥንድ ኋላ ይሁን የሚሉት ለዚህ ነው። ነገሩን ሳስረዳው ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና ክሪኩን ወደ ኋላ ወሰደ።

የጭነት መኪና ላይ ያለው መቀላቀል ከዚህም ይከፋል። 7.50R16 እና 7.50-16 የተጻፈባቸው ጎማዎች ልካቸው አንድ ይመስላል። አንድ አይደሉም። አር ያለበት ራዲያል ነው፤ ክሩ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መሬት የሚነካው ክፍል ግን ተዘርግቶ ይቀራል። ሰረዝ ያለበት ክሩ በሰያፍ የተደራረበ ነው፤ ጎኑ ሲያዘነብል መሬት የሚነካው ክፍልም አብሮ ያዘነብላል። ኩርባ ላይ ሁለቱ የሚይዙት በየራሳቸው ጠባይ ነው። ግራ ይህ፣ ቀኝ ያ ሆኖ በአንድ መስመር ላይ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። ፊት ራዲያል፣ ኋላ ሰያፍ ማድረግም አደገኛ ነው፤ ኋላው ቀድሞ ይለቃል። ሰው የጫነ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ቅልቅል ባየሁ ቁጥር ወርጄ ሹፌሩን አናግራለሁ።

አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚገፋ መኪና የያዛችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። እዚያ ጥንዱ ብቻ ሳይሆን አራቱም መቀራረብ አለባቸው። ፊትና ኋላ ዙራቸው ሲለያይ በመሃል ያለው ማርሽ ይጋላል፣ ዘይቱ ይቃጠላል፣ ጥገናው ከአራት ጎማ በላይ ያስከፍላል። ብዙ አምራቾች የጥርስ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመርጣሉ፤ ሱባሩን የመሳሰሉት ከዚህም ያጠብቡታል። አንድ ብቻ የተበላሸባችሁ እንደሆነ፣ ሙሉ አዲስ ከመግጠም ይልቅ ዕድሜው ያልገፋ፣ ስንጥቅ የሌለበት፣ ስሙም ልኩም ከቀሩት ሦስቱ ጋር አንድ የሆነ፣ ጥርሱም የነሱን ያህል የተበላ ያገለገለ ጎማ ፈልጉ። የጥርስ መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ኪስ የምትገባ ትንሽ ዕቃ ናት።

ከተገጠመ በኋላ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቡሎኖቹን ድጋሚ አስጠብቁ። ንፋሱንም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ አስሞሉ።