ያላስጨረስኩት ዓረፍተ ነገር

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ፣ ውድ ወዳጆቼ። ይህን የምጽፍላችሁ ጳጉሜ 5 ቀን ማታ፣ ቁሌቱ ገና ሳይበስል፣ ማማሰያውን ለእህቴ ልጅ አስረክቤ ነው፤ ልጅቷ ዓይኗን ከስልኳ ስለማታነሣ የነገው ወጥ ቢያር ጥፋቱን ለሁለታችንም አካፍሉን። በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ጥቂት መስመር ጽፌ ጤናና ሰላም እመኝላችኋለሁ፤ እናንተም «አሜን፣ ለአንቺም» ትሉኛላችሁ፤ ከዚያም ሁላችንም ወደየምድጃችን እንመለሳለን። ዘንድሮ ግን በዚያ ማለፍ አልቻልኩም። በ2017 ዓ.ም. አንድ ሰው ቀብሬአለሁ፣ አንዲት ልጅም በድያለሁ፤ ሁለቱም ነገሮች ከሥራ ቦታ የመጡ በመሆናቸው በበዓል ዋዜማ ስለ አለቃ ላወራችሁ ነው። ነገ ሐሙስ በዓል፣ ከነገ ወዲያ ዓርብ ደግሞ ሥራ ነውና ይቅር በሉኝ።

የቀበርኳቸው ሰው የመጀመሪያ አለቃዬ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ ሲነሣ ስለማይወዱ ሁላችንም እንጠራቸው እንደነበረው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። በ24 ዓመቴ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ በእርሳቸው ሥር ስቀጠር፣ መዝገቡ ሁሉ በእጅ የሚጻፍ ነበር፤ ኮምፒውተር የነበረው በሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሲሆን እርሱም አብዛኛውን ጊዜ በዳንቴል እንደተሸፈነ ይውል ነበር። በመጀመሪያው የሰኔ 30 በጀት መዝጊያዬ ማታ ትሪያል ባላንሱ፣ ማለትም የመዝገቡ ሁለት ወገኖች ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ሰንጠረዥ፣ አልገጥም አለ። ዴቢቱና ክሬዲቱ በ360 ብር ተለያዩ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «እስቲ ለዘጠኝ አካፍይው» አሉኝ። አካፈልኩት፤ ያለ ቀሪ 40 ሆነ። «እንግዲያው የሆነ ቦታ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ እርሱን ፈልጊ» አሉና አብረውኝ ተቀመጡ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን አገኘነው፤ 5,841 መባል የነበረበት 5,481 ተብሎ ተመዝግቧል፤ የእጅ ጽሑፉም የእኔው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱ የዘገየበትን ምክንያት ለማወቅ ሲያስጠሩን ፋይሉን ታቅፌ ከጋሼ ኋላ ቆሜ ነበር። «ማን ነው ያበላሸው?» ተብለው ሲጠየቁ «መዝገቡ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የእኔ ነው» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልጨመሩም። ደረጃውን ስንወርድም ምንም አላሉኝም። ከጠረጴዛቸው ስንደርስ ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «አሁን እንዴት እንደሠራሽው አሳዪኝ» አሉ። እኔም የደረሰኙን ሦስተኛ ቅጂ፣ ካርቦኑ ደብዝዞ አኃዙ የማይለየውን፣ ከማይረባው አምፖል ሥር እንዴት ገልብጬ እንደጻፍኩት አሳየኋቸው። በዚያው ሳምንት አምፖሉ ተቀየረ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮም ስንመዘግብ አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌላችን ዓይናችንን ከመዝገቡ ላይ ሳንነቅል እንከታተላለን። መልአክ እንዳይመስሏችሁ፤ በሐምሌ ፈቃድ የጠየቃቸውን ሰው እንደ ከዳተኛ ነበር የሚያዩት፣ ምስጋናም ከአፋቸው በዓመት አንድ ጊዜ ቢወጣ ነው። ይሁን እንጂ በእርሳቸው ሥር በሠራሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ስህተቴን ደብቄያቸው አላውቅም፤ ለመደበቅ የሚያበቃ ምክንያት ስላልሰጡኝ ነው።

በዚያች በሰኔ 30 ማታ፣ ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ቆመን ሳለ፣ ስለ ንጉሥ ሊር፣ ስለ ሼክስፒር ተውኔት፣ ያጫወቱኝም እርሳቸው ናቸው። ጋሼ የቴአትር ሰው ነበሩ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሷቸውን ኦቴሎንና ሐምሌትን በወጣትነታቸው በመድረክ አይተው ስንኞቹን በቃላቸው ይዘዋል፤ ሊርን ግን በእንግሊዝኛ ነበር ያነበቡት። «ሰው ሁሉ ሊር ያጠፋው ትንሿን ልጁን ሲያባርር ይመስለዋል» አሉኝ፤ «የለም፣ ከዚያ በፊት ነው። ካርታውን ዘርግቶ፣ መኳንንቱን ሰብስቦ፣ ሦስቱን ልጆቹን ማን አብልጣ ትወደኛለች ብሎ ሲጠይቅ ነው ያበቃለት። መሬቱ ፊታቸው ላይ ተቀምጦ ይህ ከተጠየቀ እውነት የምትናገረው ሞኝ ትመስላለች፤ የምትዋሸው ደግሞ ግዛት ይዛ ትሄዳለች።» ሰማሁ፣ ጨዋታው ደስ አለኝ፣ ዝናቡም አባርቶ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን በሌላ መሥሪያ ቤት የአሥራ ሦስት ሰዎች ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ጥር የግማሽ ዓመት ግምገማ ስናካሂድ፣ የእያንዳንዳቸው የውጤት ተኮር ምዘና ቅጽ ነጥቡ ገና ሳይሞላ ፊቴ ተደርድሮ ነበር። የደረጃ እድገቱም ሆነ የሥልጠና ዕድሉ በዚያ ነጥብ ላይ የተመሠረተ እንደሆነ የማያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እኔም እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ «ዛሬ ስለ እኔም ሳትፈሩ ተናገሩ» አልኩ። አንዱ «እርስዎ እናታችን ነዎት» አለ። ሌላዋ በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቷ እንደ እኔ ያለ ኃላፊ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ተራው ከእኛ ጋር ሦስተኛ ዓመቷን የያዘች፣ ዝምተኛ፣ ሥራዋ ንጹሕ የሆነች አንዲት ልጅ ላይ ደረሰ። እንዲህ አለች፦ «እትዬ፣ ስህተት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠይቁን ማን እንደሠራው ነው። እንዴት እንደተፈጠረ ግን አይጠይቁንም። ስለዚህ እኛ…» አላስጨረስኳትም። ሰዓቴን አይቼ «ጊዜ የለንም፣ ቀጣይ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት በመመሪያው መሠረት ነው፤ ሊር እንደ እኔ መመሪያ ቢኖረው ኖሮ መጮህ ባላስፈለገው ነበር። «የትብብር መንፈስ» በሚለው መስፈርት ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠኋት። ለእርሷ ታስቦ የነበረውን ሥልጠና ለሌላ ሰው አስተላለፍኩ። ቋሚ ንብረት የሚቆጥር ሰው ሲፈለግ ደግሞ ምድር ቤት ወዳለው ግምጃ ቤት የላክኋት እርሷን ነው፤ ለሁለት ወር ያህል የተሰበረ ወንበር ላይ ቁጥር ስትለጥፍ ከረመች።

ጋሼ ያረፉት በመጋቢት ነው። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የድሮ ሹፌራቸው፣ አሁን ሸምግሎ በከዘራ የሚሄድ ሰው፣ በአንድ ወቅት መኪና ከአጥር ጋር አጋጭቶ ጋሼ «ፍጠን ያልኩት እኔ ነኝ» ብለው እንዴት እንዳተረፉት አወራ። እኔም ተራዬን ጠብቄ የ360 ብሯን ታሪክ እያለቀስኩ ተናገርኩ፤ ሰውም ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። በማግሥቱ ጥቁር ሻሽ እንዳደረግሁ ቢሮ ገባሁ። ያቺ ልጅ የንብረት ቆጠራውን ቅጽ ልታስፈርመኝ መጣች። አንዱ ሣጥን ውስጥ የገባው ቁጥር ትክክል አልነበረም። ቀና ሳልል «ማን ነው ይህን የሞላው?» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ዝም አልኩ። እርሷም ዝም አለች፤ «እኔ ነኝ» አለችና ቅጹን ይዛ ወጣች። ያን ጊዜ ተነሥቼ ልከተላት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አለቃ ሠራተኛውን ተከትሎ በኮሪደር ሲሮጥ አይቼ ስለማላውቅ አፍሬ ተቀመጥኩ። በግንቦት በውድድር ሌላ መሥሪያ ቤት ገብታ ለቀቀች፤ ክሊራንሷን ከሌላ ወረቀት ጋር ደባልቄ ፈረምኩላት። በሰኔ ሒሳብ ስንዘጋ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ክፍያ ተገኘ፤ ሁለት ሠራተኞቼ ስህተቱን ካዩት ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው አንደኛው ወለሉን እያየ «ማን ነው የሠራው እንዳይሉን ፈርተን ነው» አለኝ። ፈርቶም ቢሆን ስለነገረኝ በዚህ አጋጣሚ አመሰግነዋለሁ።

ሊርን ራሱን ያነበብኩት በፍልሰታ ጾም፣ ማታ ማታ፣ የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። ይህ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1606 በገና ማግሥት፣ በበዓል ሰሞን፣ በዋይትሆል ቤተ መንግሥት በንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ፊት መታየቱን ሳውቅ ደነገጥኩ፤ ውዳሴ ስለሚወድ ንጉሥ የሚናገር ታሪክ ለንጉሥ የበዓል ስጦታ ሆኖ ሲቀርብ፣ ያ ንጉሥ በወንበሩ ላይ ምን እንደተሰማው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ በ1681 ናሁም ቴት የተባለ ጸሐፊ መጨረሻውን ለውጦ ሊር ዙፋኑን እንዲያገኝ፣ ያባረራት ትንሿ ልጁ ኮርዴሊያም ሳትሞት እንድታገባ አደረገ፤ የእንግሊዝ መድረክም ከመቶ ዓመት በላይ ያንን የታረመውን ሲያሳይ ኖረ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በየዓመቱ የምልክላችሁ መልእክት እንዲሁ የታረመ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሊርም ኮርዴሊያም አይደሉም፤ ስም እንኳ ያልተሰጠው አንድ አገልጋይ ነው። ጌታው ኮርንዎል የሽማግሌውን የግሎስተርን ዓይን ሲያወጣ ይህ አገልጋይ መሐል ይገባና ከልጅነቱ ጀምሮ እንዳገለገለው፣ ነገር ግን አሁን «ይቁሙ» ከማለቱ የበለጠ አገልግሎት ሰጥቶት እንደማያውቅ ይነግረዋል። ወዲያው ከጀርባው ተወግቶ ይሞታል። በመድረኩ ላይ ያለው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። እኔ ይህን ቦታ ሳነብ የታየችኝ ከምድር ቤቱ ወንበሮች መካከል ሙጫና ወረቀት ይዛ የቆመች ልጅ ናት። ጋሼ በሕይወት ቢኖሩ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር፤ መልሳቸውም «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ ለልጅቷ ደውይላት እንጂ» እንደሚሆን አውቃለሁ።

ደወልኩላት፤ ከትናንት በስቲያ፣ ጳጉሜ 3። ከመደወሌ በፊት አባትና ልጅ የታረቁበትን ክፍል እንደገና አንብቤ ነበር። ሊር «አንቺ እኔን የምትጠዪበት ምክንያት አለሽ» ሲላት ኮርዴሊያ «ምንም ምክንያት የለኝም» ትለዋለች። ሳልዋሻችሁ፣ ይህንኑ መልስ ነበር የጠበቅሁት። ይቅርታ ስጠይቃት ልጅቷ ግን ጥቂት ዝም አለችና «እትዬ፣ ያን ጊዜ በጣም አስለቅሰውኛል» አለችኝ። ከዚያ ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ አዲሱ ሥራዋ፣ ስለ ቤት ኪራይ አወራን። ሆዴን ቀለል ያለኝ ኮርዴሊያን ባለመሆኗ ነው።

እንግዲህ ወደ ምኞቱ ልምጣ፤ ከወጥ ቤት የሚጠሩኝ እየበዙ ነው። ለጋሼ ባለቤት፣ ያለ እርሳቸው የመጀመሪያውን እንቁጣጣሽ ለሚያሳልፉት፣ እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥልኝ፤ ከቅዳሴ በኋላ ከልጆቼ ጋር እመጣለሁ፣ እንጀራ እንዳይጋግሩ። ለዚያ ሹፌር ረጅም ዕድሜ። ምድር ቤት እያለች ለዚያች ልጅ በየቀኑ በአሥር ሰዓት ሻይ ታወርድላት ለነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን፣ እኔ ሳላውቅ የእኔን ሥራ ስለሠራሽልኝ አመሰግንሻለሁ። አለቆች ለሆናችሁ ወዳጆቼ ደግሞ ጤናውን ከተመኘሁላችሁ በኋላ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ የእኛ ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ሰው «እናታችን» ብሎ ጽፎልኛል፣ የእናንተም ስልክ እንዲሁ ሲንጫጫ እንደዋለ አልጠራጠርም፤ መልካም ምኞቱን ተቀበሉ እንጂ እንደ ምዘና ውጤት አትቁጠሩት።

ልጅቷ ነገ ከሰዓት በኋላ ለቡና ትመጣለች። ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት፣ በጥር ያላስጨረስኳትን ዓረፍተ ነገር አሁን እንደገባኝ፣ «ስለዚህ እኛ ስህተት ስናገኝ እንደብቅዎታለን» ልትለኝ እንደነበረ ነገርኳት። ሳቀች። «አይ እትዬ፣ እርሱን አልነበረም ልል የነበረው» አለችኝ። ምን እንደነበረ ብጠይቃት በስልክ አይሆንም፣ ሲገናኙ እነግርዎታለሁ አለች። ቡናውን አሁኑኑ አጥቤ ላስቀምጥ፤ መልካም አዲስ ዓመት።