ኮድ የለም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም

ሐጂ የጅማ ቡና ነጋዴ፣ የጋራዣችን የቆዩ ደንበኛ ናቸው። መኪናቸው ክሩዙ (ፍጥነት የሚይዘው ሲስተም) ከፊት ያለውን መኪና እያየ ራሱ ፍጥነት የሚቀንስና የሚጨምር ዓይነት ነው። «ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዝብኛል» ብለው አመጡት። ኮምፒውተር ሰካንበት፤ ምንም የብልሽት ኮድ የለም። አለቃችን «እንግዲህ ይውሰዱት» አለ። እኔ ሳልነዳው አልሰጥም አልኩ።

ሐጂን ጎኔ አስቀምጬ በሰርቦ መንገድ ወጣን። ክሩዙን 60 ላይ አደረግኩት፤ እግሬን ከፍሬኑ አላራቅኩም። የመንገዱን ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ባጃጅ ገና ከሩቅ ሲታይ ዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ምልክት ብቅ አለ፣ መኪናው ፍሬን ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ጭነት የያዘ አይሱዙ ፊት ለፊታችን ሆነ። አሁን ምልክት የለም። 60ውን እንደያዘ ወደ አይሱዙው ገሰገሰ። በእግሬ ባልይዘው ኖሮ ሥሩ ነበርን። ሐጂ «ያ አላህ!» አሉ።

ተመልሰን ፓራውልቱን ፈታሁ። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ተመትቶ ተሠርቷል። ከፊት ያለውን መኪና በሞገድ የሚለየው ራዳር የሚያይበት ፕላስቲክ ላይ ስቱኮ በወፍራሙ ተለስኖ ቀለም ተቀብቶበታል፤ ይሄ ሞገዱን ያዳክማል። የባሰው ግን ራዳሩ የታሰረበት ብረት ነው። ወደ ቀኝ ዞሯል፣ ያውም አስተውለው ካላዩት በማይታወቅ መጠን። ራዳር በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ 100 ሜትር ላይ ወደ 1.75 ሜትር ይስታል። የአንድ መኪና ወርድ ያህል መሆኑ ነው። ለዚህ ነው ጠርዝ ላይ ያለውን ባጃጅ አይቶ አይሱዙውን የዘለለው። ኮምፒውተሩ ራዳሩ መሥራቱን ያውቃል፤ ወዴት እንደሚያይ ግን ሁሌ አይነግርህም።

ብረቱን በእጅ ማቅናት አይበቃም። የጎማ አላይመንት ተስተካክሎ፣ ደልዳላ ወለል ላይ፣ በልኩ ርቀት በሚቆም መሣሪያ ራዳሩ ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም የሚያይበት አቅጣጫ በትክክል መስተካከል አለበት። መሣሪያው እኛ ጋር የለም።

«አዲስ አበባ እስኪሠራልዎ ክሩዙን እንዳይነኩት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መኪናውን የገዛሁት ለዚሁ ረጅም መንገድ እኮ ነው።»

«ሐጂ፣ የጊቤን ቁልቁለት ሲወርዱ ከፊትዎ ያለውን ከባድ መኪና ባያየውስ?»

ዝም አሉ። ወረቀቱ ላይ ጻፍኩት፣ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነት መኪና ሲገባ ባትላሜራችን ፓራውልቱን ከመንካቱ በፊት ይጠራኛል። ስቱኮም ራዳሩ ፊት አይለጥፍም።