አሸዋው ለቀቀው

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ከፋሲካ በኋላ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአሮጌዋ ላንድክሩዘራችን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ወረድን። ሐሳባችን ወደ አፋር በሚዘልቀው ቆላ ድንኳን ተክለን ማደር ነበር። ደረቅ ወንዝ ስናቋርጥ መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ተቀበረች። አራቱም ጎማ እንዲጎትት ፎር ዊል አስገባን፤ ባሰባት። ጎማው አሸዋው ላይ ሰፋ ብሎ እንዲያርፍ አየሩን በግማሽ ያህል አወረድን። እምቢ አለች። መሸ።

ወንድሜ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማው ሥር ድንጋይ ሊያደርግ ገባ። ክሪኩ ሰመጠ፤ መኪናዋ እግሩ ላይ ወረደች። ያ ጩኸት! እኛ ጋ ሰማዩ ኮከብ ብቻ ነው። በአንኮበር በኩል ግን መብረቁ ይብለጨለጫል። የበልግ ዝናብ ደጋው ላይ ይጥላል፤ ደራሹ ጎርፍ ቆላ የሚደርሰው ቆይቶ ነው።

ባትሪ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከዳር ብቅ አሉ። «ልጆቼ ውጡ! ውሃ መጣ!» መውጣትማ በቻልን! እኚህ የአርጎባ አባት፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ መሸሽ ሲችሉ ወርደው ከጎኔ ተንበረከኩ። በእጃችን ቆፈርን። አሸዋው ተመልሶ ይደፍነዋል።

«ጋሼ፣ ተወኝና ውጣ» አለኝ ወንድሜ።

እውነቱን ልናገር። እናታችን ካረፈች ወዲህ እግዚአብሔርን አኩርፌው ነበር። ያን ያህል ለምኜው፣ ከጸበል ጸበል ተንከራትቼ፣ ወሰዳት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ እንኳ አልሳለምም። ያን ሌሊት ግን እሷ ስትደግመው የሰማሁት ዳዊት ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ።» ቀጥዬ ደግሞ «እሷን ወሰድክ፣ እሱን አትወስድም!» ብዬ ጮህኩ። ጸሎት ይሁን ጠብ እንጃ። እስራኤልን ባሕር ያሻገረውን ሚካኤልንም ጠራሁ፤ ተሳልኩ።

ውሃው ደረሰ። የወንድሜን አንገት ከፍ አድርጌ ያዝኩ። እግዚኦ! እናንተዬ፣ ያ የፈራነው ውሃ ከእግሩ ሥር ያለውን አሸዋ አላላው። እንደ አጥሚት ቀጠነ። ሽማግሌው በብብቱ፣ እኔ በቀበቶው ይዘን ጎተትነው። ወጣ! ዳር እንደደረስን ዋናው ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ መጥቶ መኪናዋን ገለበጣት።

ሌሊቱን በቃሬዛ የተሸከማችሁት የመንደሩ ልጆች፣ ወተት ያጠጣችሁን እናት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ክረምቱ በጀሶ አለፈ። ለኅዳር ሚካኤል የስለቴን ጃንጥላ ሳስገባ ወንድሜ በእግሩ ቆሞ አስቀደሰ።

ከዚያ ሽማግሌውን ልንጠይቅ በሕዝብ መኪና ወረድን። ጋቢ ይዘን ነበር። «እኔ ምን አደረግኩ፣ ያወጣው አላህ ነው» ብለው አልቀበልም አሉ። በግድ ነው ያለበስናቸው።