ከ፲፩ እስከ ፲፱፦ የእድር ደንብ ሌይአውት ያስከፈለኝ ዋጋ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ የፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) እና የወረቀት ዋጋ ከኪሴ ባላወጣሁ ነበር ብዬ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ነው። በሌይአውት (የገጽ አቀማመጥ) ሶፍትዌር ላይ ቁጥር ያለው ዝርዝር መደርደር። ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ።

ሥራው የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብ ነበር። ኤ5 መጠን፣ 400 ኮፒ። የእድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። «ቁጥሩ በግዕዝ ይሁን፤ እንደ ነጋሪት ጋዜጣ» አሉኝ። ፩/ ፪/ ፫/ እያለ የሚወርደውን ማለታቸው ነው። «ምን ችግር አለው ጋሼ» አልኳቸው። እዚህች ላይ ነው የተሳሳትኩት።

ጽሑፉ በወርድ መጣልኝ። ግማሹ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ ስለነበር ዛሬ ሁሉም ወደሚጠቀምበት ዩኒኮድ ቀየርኩትና ኢንዲዛይን የሚባለው የሌይአውት ሶፍትዌር ላይ አስገባሁት። ሽፋን፣ ማውጫ፣ የገጽ ቁጥር፣ ያው የተለመደው ነው።

ጽሑፉን የተየበው ሰው ቁጥሩንና ዓረፍተ ነገሩን ያራራቀው በስፔስ ባር ነበር። መስመሩ ሲያልቅበት ኢንተር፣ ከዚያ እንደገና ስምንት ስፔስ። ይሄ ነገር ወርድ ላይ የሚያምር ይመስላል። ሌይአውት ላይ ግን ግራና ቀኙን እኩል ስታደርጉት ስፔሶቹ እንደ ላስቲክ ይለጠጣሉ፤ አንዱ ቁጥር ከጽሑፉ ይርቃል፣ ሌላው ይጣበቃል። ኢንተሮቹ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን መሃል ወገቡ ላይ ይቆርጡታል። ግማሽ ቀን ስጠርግ ዋልኩ።

ከዚያ ሀንጊንግ ኢንደንት ሠራሁለት። ቁጥሩ ብቻውን ግራ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ጽሑፉ አምስት መስመር ቢሆንም ከቁጥሩ ሥር ሳይገባ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ፓራግራፍ ስታይል (የአንቀጾቹ ቅርጽ አንዴ የሚወሰንበት) ውስጥ ሌፍት ኢንደንት (ከግራ ጠርዝ የሚራቀው) 8 ሚሊ ሜትር፣ ፈርስት ላይን ኢንደንት (የመጀመሪያው መስመር ብቻ) −8። መጀመሪያ ሌፍቱን አስገቡ፤ አለበለዚያ −8ን አልቀበልም ይላችኋል። ከቁጥሩ በኋላ አንድ ታብ ብቻ። ታቡ ራሱ ሄዶ 8 ሚሊ ሜትሩ ላይ ይቆማል። አለቀ። በ11 ነጥብ የፊደል መጠን 34 ገጽ ወጣ፤ እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

ኮሚቴው አየውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ፊደሉ ይተልቅ፤ አብዛኞቻችን ሽማግሌዎች ነን።» ደስ አለኝ። ስታይል የሚባለው ነገር የተፈጠረው ለዚህ አይደል? 11ን 13 አደረግኩት፣ መጽሐፉ በሙሉ ተቀየረ። 48 ገጽ ሆነ፤ 16 ገጽ ለሚይዝ ፎርም (አብረው ለሚታተሙ ገጾች ስብስብ) ልክ ሦስት። በራሴ ኮራሁ። ረጅሙ ዝርዝር «የአባላት ግዴታ» ነበር፣ 20 ነጥብ አለው፣ ከገጽ 12 እስከ 14 ይሄዳል። መጀመሪያውን አየሁ፣ ደህና ነው። መጨረሻውን አየሁ፤ ፳ ገጽ 14 አናት ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገጽ 13ን አላየሁም። ጸሐፊውም ፕሩፉ (ከኅትመት በፊት የሚታየው ማረሚያ ቅጂ) ላይ ፈረሙ። እሳቸውም እንዳላዩት አሁን አውቃለሁ፤ ፊርማቸው ግን ታምራለች።

በሦስተኛው ቀን ከማተሚያ ቤቱ የማሽን ሠራተኛው ደወለ። «ወንድሜ፣ ይሄ ዲዛይን ነው ስህተት?» የመጀመሪያው ፎርም ታትሞ አልቆ ነበር። ከመታተሙ በፊት ለምን አልደወልክም ስለው «እኛ የላክኸውን ነው የምናትመው» አለኝ። እስከዛሬ ያናድደኛል። ትክክል መሆኑ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ሄጄ አየሁት። ገጽ 13 ላይ ከ፲፩ እስከ ፲፱ (ከ11 እስከ 19) ያሉት ነጥቦች በሙሉ የመጀመሪያ መስመራቸው ወደ ቀኝ ሸሽቷል። ሁለተኛው መስመር በቦታው ነው። ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያህል፤ ጥርስ የወለቀበት አፍ ይመስላል። ከ፩ እስከ ፲ ምንም አልሆነ። ፳ም ምንም አልሆነ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። መጀመሪያ ፎንቱን ጠረጠርኩ፤ ኒያላን በአቢሲኒካ ቀየርኩት፣ ያው ነው። ቀጥሎ ወርድን ጠረጠርኩ፤ የተደበቁ ምልክቶችን አብርቼ ትርፍ ስፔስ ፈለግኩ፣ የለም። ፲፩ን አጥፍቼ በእጄ እንደገና ጻፍኩት። ያው። ከዚያ ፋይሉ ተበላሽቷል አልኩና ሁሉንም አዲስ ፋይል ላይ ገለበጥኩት። ያው! ቁጥሩ ሰፍቶ ይሆናል የሚለው ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር፤ ግን ፳ እያሳየኝ ተውኩት። አሥራ ዘጠኝ የማይበቃው ቦታ ሃያን እንዴት ይበቃዋል?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የገባኝ። እኔ የማስበው በ19 እና በ20 ነው፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት አሃዝ። በግዕዝ ግን ፲፱ ሁለት ምልክት ነው፣ ፳ አንድ። ዜሮ የለውማ! ፲፣ ፳፣ ፴፣ እስከ ፻ ድረስ እያንዳንዳቸው አንዲት ምልክት ናቸው። ፊደሉ 11 ነጥብ ሳለ ፲፱/ ለጥቂት 8 ሚሊ ሜትሩ ውስጥ ይገባ ነበር። 13 ሲሆን አለፈ። ታቡ 8 ላይ እንዳይቆም ቁጥሩ ቀድሞ አልፎታል፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከራሱ ወዳስቀመጠው ቀጣይ ማቆሚያ ዘለለ፤ ግማሽ ኢንች፣ 12.7 ሚሊ ሜትር። የሸሸው 5 ሚሊ ሜትር እሱ ነው። ፎንቱም ፋይሉም ንጹሕ ነበሩ። የተየበውን ልጅም በከንቱ ረገምኩት።

ማስተካከያው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ለዚያ ዝርዝር ብቻ ሌላ ስታይል ሠራሁ፤ የሁሉንም ብቀይር የሌሎቹ ፎርሞች ገጾች ይንቀሳቀሱብኛል። ሌፍት ኢንደንት 12፣ ፈርስት ላይን −12። ከዚያ በኮንትሮል ሺፍት ቲ የታብ መስኮቱን ከፍቼ 10 ሚሊ ሜትር ላይ ወደ ቀኝ የሚያስጠጋ ታብ ተከልኩ። ከቁጥሩ በፊት አንድ ታብ፣ ከቁጥሩ በኋላ አንድ ታብ። አሁን ፱/ እና ፲፱/ በእዝባራቸው (በ«/» ምልክቱ) ይሰለፋሉ፤ በፊት ከነበረውም ያምራል። ገጽ 14 ላይ ሁለት መስመር ጨመረ፤ ደግነቱ ምዕራፉ እዚያው ስለሚያልቅ ባዶ ቦታ ነበር።

ፕሌቱንና የተበላሸውን ወረቀት ከፈልኩ። ኮሚቴው እንዲያካፍለኝ ጠይቄ ነበር። ጸሐፊው «እኛ ፊደሉ ይተልቅ አልን እንጂ ቁጥሩ ይሽሽ አላልንም» አሉኝ።

የሶፍትዌሩ መመሪያዎች ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፦ ቁጥር በእጃችሁ አትጻፉ፣ አውቶማቲኩን ተጠቀሙ። ለ1፣ 2፣ 3 ከሆነ እኔም እስማማለሁ። በግዕዝ ቁጥር ግን አልሰማቸውም። እኔ የምሠራበት ኢንዲዛይን የቁጥር ዓይነቶች ውስጥ የሮማው አለ፣ ኤ ቢ ሲው አለ፤ ፩ ፪ ፫ የለም፣ ሀ ለ ሐም የለም። የሚገርመው የድረ ገጽ ዝርዝር በግዕዝ ቁጥር እንዲሄድ የሚያደርግ የታወቀ ደንብ አለ፤ ብሮውዘር ያውቀዋል። ስለዚህ በእጅ ጻፉ፣ በታብ አስቀምጡ። ኪሳራው አንድ አንቀጽ ሲሰረዝ ከሥሩ ያለውን ሁሉ፣ «በአንቀጽ ፲፬ እንደተመለከተው» የሚለውን ጭምር፣ አንድ በአንድ ማረም ነው። እኔ አሁን ሌይአውት የምጀምረው ጽሑፉ ላይ ከተፈረመ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንቀጽ የሚሰርዝ ይከፍላል።

ስፋቱን ስትለኩ ደግሞ በመጨረሻው ቁጥር አትለኩ። ምልክት በሚበዛበት ለኩ፣ በሚታተመው የፊደል መጠን። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ አለው፤ ከ፩ እስከ ፻፮ ግን ሦስት ምልክት የሚፈልግ አንድም ቁጥር የለም። ፻፲፩ ላይ ስትደርሱ ግን ተጠንቀቁ።

አንድ ሌላ ነገር። በዝርዝር ውስጥ ዝርዝር ሲመጣ፣ ፩/ ከዚያ ሀ/ እያለ፣ ኤ5 ላይ ቦታው ቶሎ ይጠብባል። እዚያ ላይ ግራና ቀኙን እኩል ማድረጉን ተዉት። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ መስመር መጨረሻ ላይም አንቆርጠውም፤ በቃላቱ መካከል በሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ይፈጠራል። «መጽሐፍ አይመስልም» የሚል ደንበኛ ይመጣል። ይምጣ።

ባለፈው ወር እኚያው ጸሐፊ ለሌላ እድር ሥራ ይዘውልኝ መጡ። የአባላት ግዴታው 27 ነጥብ ነው። ገና ሳይቀመጡ ፊደሉ ስንት ነጥብ እንደሚሆን ጠየቅኳቸው። «አንተ ደግሞ፣ ሻይ እንኳ ሳትለኝ» አሉ።