የሸዋ ሮቢት ሐዲድና የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር፦ ሽቦው ይቀየር ወይስ ባቡሩ?

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሐዲድ በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ያልፋል። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም የሚሄደው በዚሁ ስፋት ነው። ስለዚህ «የከተማውን ባቡር አምጥቶ ከሸዋ ሮቢት አጣዬ ሰው ማመላለስ አይቻልም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው እንቅፋት ከላይ ተዘርግቷል፦ የከተማው ባቡር የሚሠራው በ750 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ኮረንቲ)፣ ይህ መስመር የታሰበው ደግሞ ለ25,000 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫውን ለሚቀያይር ኮረንቲ) ነው።

ልዩነቱን ለማየት ሁለት ተሽከርካሪዎች ተገጣጥመው ሲነሱ 1 ሜጋ ዋት ይስባሉ እንበል። በ25,000 ቮልት 40 አምፔር ይበቃቸዋል፤ በ750 ቮልት ግን ከ1,300 አምፔር በላይ ይፈልጋሉ። 120 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር 0.14 ኦም ገደማ ስላለው፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከተመገበ ባቡሩ ገና 1 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ከ180 ቮልት በላይ ሽቦው ላይ ይቀራል። ለ750 ቮልት መስመር ዝቅተኛው የሚፈቀደው 500 ነው። መፍትሔው መጋቢ ኬብል መጨመርና በየ2 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ትራንስፎርመርና ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር መሣሪያ) ያለው የኃይል ጣቢያ መትከል ነው። ለ40 ኪሎ ሜትር 20 ያህል ጣቢያ ማለት ነው። በ25,000 ቮልት ያንኑ ርቀት አንድ ጣቢያ ይሸፍነዋል።

ስኒዎቹ (ኮረንቲው ከሽቦው ወደ ምሰሶው እንዳያልፍ የሚከለክሉት) እና ምሰሶዎቹ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ለ25,000 የተሠራ ስኒ ለ750 ይተርፋል። ከድልድይና ከዋሻ ጣሪያ የሚያስፈልገው ክፍተትም ከ270 ወደ 100 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ዋናው ጣጣ ያለው ከታች፣ ኮረንቲው በሚመለስበት ሐዲድ ላይ ነው። በኤሲ መስመር ሐዲዱ ከምሰሶዎቹና ከመሬት ጋር ሆን ተብሎ ይታሰራል። በዲሲ ይህ ማሰሪያ አንድ በአንድ ተፈትሾ መቆረጥ አለበት፤ ካልሆነ ኮረንቲው ከሐዲዱ ሾልኮ በውኃ ቧንቧና በድልድይ ብረት ውስጥ ይጓዛል። ከብረት ወደ አፈር የሚወጣ 1 አምፔር በዓመት 9 ኪሎ ግራም ገደማ ብረት ይበላል። ዝናብ የጠጣ ዋልካ አፈር ኮረንቲ በደንብ ስለሚያሳልፍ ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ጉዳቱ የሚታወቀውም ቧንቧው ማፍሰስ ሲጀምር ነው፤ ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ የማሳስበው።

የምልክት ሥርዓቱም አይተርፍም። ባቡር መኖሩን በሐዲድ ኮረንቲ የሚለይ መሣሪያ ካለ፣ ለ40 አምፔር የተሠሩት መጠምጠሚያዎቹ ከ1,000 አምፔር በላይ ዲሲ ሲያልፍባቸው ብረታቸው በመግነጢስ ይሞላል፤ መሣሪያውም ይሳሳታል። የሚያልፉትን የመንኮራኩር ዘንጎች የሚቆጥረው አክስል ቆጣሪ ግን ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ከዚያ ተሽከርካሪው አለ። የአዲስ አበባው ባቡር ከወለሉ 70 በመቶው ዝቅ ያለ ስለሆነ መድረኩ በዚያው ልክ መሠራት አለበት። የትራም (የከተማ ጎዳና ባቡር) መንኮራኩር ጠበብ ያለ ከሆነ ደግሞ በባቡር መስመር መገንጠያ ላይ ያለው ክፍተት ውስጥ ወርዶ ይመታል። አካሉም ከግንባር የሚመጣ ግፊት የሚችለው በ200 ወይም በ400 ኪሎ ኒውተን ደረጃ ሲሆን፣ ለዋና መስመር የሚሠራ የመንገደኛ ባቡር 1,500 ይችላል። ከጭነት ባቡር ጋር በአንድ ሐዲድ፣ በአንድ ሰዓት ማሰማራት አደገኛ ነው።

እንዲህ ያለ ቅየራ ተሠርቶ ያውቃል። በእንግሊዝ ከማንቸስተር ወደ አልትሪንቻም የሚሄደው መስመር እ.ኤ.አ. በ1931 በ1,500 ቮልት ዲሲ ጀመረ፣ በ1971 ወደ 25,000 ኤሲ ዞረ፣ በ1992 ደግሞ 750 ዲሲ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ባቡሩ ከነባሩ መስመር ወጥቶ በከተማው ጎዳና ማለፍ ነበረበት። የድሮዎቹ መድረኮች ከፍ ያሉ ስለነበሩም ትራሙ ወለሉ ከፍ ተደርጎ ተሠራ። የሸዋ ሮቢቱ መስመር ግን ጎዳና ውስጥ የሚገባበት ምክንያት የለም፤ ሽቦውን መንካት ከንቱ ወጪ ነው።

የሚሻለው በ25,000 ቮልት የሚሄድ ቀላል የመንገደኛ ባቡር ነው። ከተማ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ በሁለቱም ቮልቴጅ የሚሠራ ተሽከርካሪ አለ፤ የፈረንሳይዋ ከተማ ሙሉዝ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ 750 ዲሲንና 25,000 ኤሲን በአንድ ተሽከርካሪ ትጠቀማለች። በሁለቱ መካከል ኃይል የሌለው የሽቦ ክፍል ይተዋል፤ ባቡሩ በራሱ ግፊት ያልፈዋል፤ ዋናው ማብሪያ ተመልሶ የሚበራውም መለኪያው ማዶ ያለውን ቮልቴጅ ለይቶ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

አንድ ቀን መስመር ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል ብሎ ለሚያስብ ደግሞ ከፍታው አይረሳ። የአየር ኢንሱሌሽን ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይደክማል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ግን ቅናሹ 18 በመቶ ይደርሳል። የስኒው ርዝመት፣ በባቡሩ ጣሪያ ላይ ያለው ክፍተትና የትራንስፎርመሩ ማቀዝቀዣ በዚህ ልክ መታዘዝ አለባቸው።